የወረቀት መቁረጫው ጠረጴዛ ለምን ይዝጋል፣ እንዴትስ ይጸዳል?

በማተሚያ ቤት ውስጥ ቢላ ዘመድ አለው። ሲደነዝዝ ሁሉም ያውቃል። ድምፁ ይለወጣል፣ የወረቀቱ ጠርዝ ይሸረካከታል፣ ሳይውል ሳያድር ተፈትቶ ወደ መሳያ ይላካል። ጠረጴዛውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥበታል፣ ብሎን መፍቻ ይወረወርበታል፣ ከበዓል በፊት ያላለቀ ቁልል ተጭኖበት በሩ ይዘጋል። ከዚያ አንድ ቀን የሠርግ ካርድ ተቆርጦ ሲገለበጥ፣ ከታች ያሉት ሦስት አራት ካርዶች ላይ ግራጫ ጭረት ወጥቷል። ደንበኛ ደግሞ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ጠረጴዛ የምለው ወረቀቱ ተቆልሎ ወዲያና ወዲህ የሚገፋበትን ሰፊውን የብረት ገጽ ነው። ወረቀት በቁልል የሚቆርጥ ማሽን የቆየ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ጊዮም ማሲኮ የፈጠራ መብት ያወጣበት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1844 ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ገባ፣ ሃይድሮሊክ ገባ፣ ኮምፒውተር ገባ። አሠራሩ ግን ያው ነው። ከታች ጠፍጣፋ ብረት፣ ከላይ ቢላ፣ ከቢላው ጀርባ ቁልሉን ጨምቆ የሚይዝ መጫኛ፣ ከወደኋላ ደግሞ ልኩን የሚወስን መግፊያ። በማተሚያ ቤቶች ስሙ የተለመደው ፖላር ከፍራንክፈርት አጠገብ ካለችው ሆፍሃይም ከተማ የመጣ ማሽን ነው። ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የመቁረጫው ስፋት ነው፤ ፖላር 115 ሲባል 115 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

ጠረጴዛው ምን ያህል እንደሚለፋ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 70 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 80 ግራም ወረቀት አንዱ 56 ግራም ይመዝናል። አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቁልል ወደ አንድ ሺህ ወረቀት ይይዛል። ይህ 56 ኪሎ ነው፤ ከግማሽ ኩንታል ይበልጣል። አራቱን ጎን ለማስተካከል ሠራተኛው ይህንን ክብደት እያዞረ አራት ጊዜ ይገፋዋል። ገጹ ልስልስ ካለ ቁልሉ ይንሸራተታል። ሻካራ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ወረቀት ይሄዳል፣ የታችኛው ወደኋላ ይቀራል። ቁልሉ ሳይታወቅ ይዘምማል። ከላይ ልክ የሆነው ሥራ ከታች አንድ ሚሊ ሜትር ጎድሎ ይገኛል። ያኔ ጥፋቱ መጀመሪያ በመግፊያው ይሳበባል፣ ቀጥሎ በቢላው፣ በመጨረሻ በሠራተኛው።

መጫኛውም አለ። በትላልቆቹ ማሽኖች ላይ ቁልሉን የሚጨምቀው በብዙ ሺህ ኪሎ ኃይል ነው። ከታች አንዲት የደረቀች የኮላ ፍንጣሪ ካለች፣ ያ ሁሉ ኃይል እሷ ላይ ያርፍና ከታች ያሉት ወረቀቶች ላይ ጉድጓድ ታትማለች። በእጃችን ስንዳስሰው እዚህ ግባ የማይባል ነገር፣ በመጫኛው ሥር ማኅተም ይሆናል።

ስለዚህ ጠረጴዛውን ስትመረምሩ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ ከገጹ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ጠላት ነው። ዝቅ ያለው ብዙም አይጎዳም። ረዥም ጭረት ለዓይን ያስጠላል እንጂ ወረቀቱ ከላዩ ያልፋል። ከጭረቱ አጠገብ የተነሣችው ስለት መሳይ ጠርዝ ግን ወረቀት ትቧጥጣለች። ዝገት ከፍ ይላል፤ ብረቱ ሲዝግ ያብጣልና። ኮላ ከፍ ይላል። ብሎን መፍቻ የወደቀበት ቦታ መሐሉ ቢጎደጉድም ዙሪያው ያብጣል። ምርመራው ቀላል ነው። በደረቅ እጅ ጥፍርን በገጹ ላይ ጎተት ማድረግ፣ ወይም ትንሽ ጥጥ ይዞ ቀስ ብሎ ማሳለፍ። ጥጡ ክር የተወበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

አሁን ወደ ዝገቱ እንምጣ። አብዛኛው ጠረጴዛ ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። ከባድ ነው፣ ንዝረት ይውጣል፣ ተሞርዶ ልክ እንደ መስታወት ይስተካከላል። ችግሩ ባዶውን ከተተወ እርጥበት አይችልም። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ዝገቱ ይፋጠናል። አዲስ አበባ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሚመስሉ መንገር አያስፈልግም። የሚያሳዝነው ደግሞ ሥራው የሚበዛውም ያኔ ነው። የትምህርት ቤት ደብተርና መጽሐፍ፣ የአዲስ ዓመት ካሌንደር፣ የእንቁጣጣሽ ካርድ፣ ሁሉም ክረምት ላይ ይደራረባል። ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል፣ ማጽዳት ይረሳል።

እርጥበት በዝናብ ብቻ አይመጣም። ወረቀት ራሱ ውኃ በውስጡ ይይዛል። ሌሊቱን ብረት ላይ የተኛ ቁልል ሥሩን አየር ያሳጣዋል፤ ጠዋት ሲነሣ ቁልሉ ያረፈበት ልክ አራት ማዕዘን የሆነ ቡናማ ጥላ ታገኛላችሁ። የእጅ ላብ ጨው አለው። አንዳንድ ሰው እጁ ላብ ያበዛል፣ ያረፈበት ቦታ በማግስቱ አምስት ጣቱን አሳትሞ ይጠብቀዋል። የሻይ ብርጭቆ ቀለበት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ውኃም ስኳርም ነው። ስኳሩ ይጣበቃል፣ ውኃው ያዝጋል። ስለዚህ ማታ ቁልል አይደርበት፣ ሻይ በሌላ ቦታ ይጠጣ። ወጪ የለውም፣ ከግማሽ በላይ የሆነውንም ችግር ያስቀራል ብዬ አምናለሁ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ዘይት ላድርግበት?» ይላል አዲሱ ልጅ። ልጁ ልክ ነው፣ ዘይት ዝገት ይከላከላል። ግን የወረቀት መቁረጫ ላይ ዘይት ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው የሚታይ ነው፤ ወረቀቱ ይጠጣዋል፣ ያበራል፣ ያ ወረቀት ተጣለ ማለት ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ወረቀት በተቆረጠ ቁጥር ዱቄት ይተዋል። በተለይ የሚያብረቀርቀው የመጽሔት ወረቀት ላዩ ላይ የተቀባው ኖራ መሳይ ነገር እየተፈረፈረ ይወርዳል። ዘይትና ዱቄት ሲገናኙ ጭቃ ይሆናሉ። ጭቃው ደግሞ ያገኘው ቀዳዳ ውስጥ ሁሉ ይገባል።

ቀዳዳ ስል የአየሩን ማለቴ ነው። ይህ ክፍል ብዙ ሰው ሳያውቀው አብሮት የሚኖር ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከፍ ያሉት ማሽኖች ጠረጴዛቸው ላይ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት የብረት ኳስ አለች፣ ከሥሯ ስፕሪንግ ይገፋታል። ቁልል ሳይኖር ኳሷ ቀዳዳውን ዘግታ ትቀመጣለች፤ ጫፏ ብቻ ከገጹ ትንሽ ብቅ ትላለች። ከሥር ነፋሻው አየር ይገፋል፣ መውጫ ግን የለውም። ቁልሉ ሲመጣ ኳሷን ወደ ታች ይጫናታል፣ አየሩ ይወጣል፣ ወረቀቱና ብረቱ መሐል ስስ የአየር ንጣፍ ይሠራል። 56 ኪሎው በሁለት ጣት ይገፋል። ቁልሉ ሲያልፍ ኳሷ ተመልሳ ትዘጋለች። ኳሷ ለመክፈትና ለመዝጋት ኤሌክትሪክ የላት፣ ኮምፒውተር የላት። በጣም ብልህ ሥራ ነው፣ ስንት ጊዜ ባየው አይሰለቸኝም።

አንዲት ኳስ በኮላ ወይም በዚያ ጭቃ ስትያዝ ሁለት ዓይነት ምልክት ይመጣል። ወደ ታች ተጭና ከቀረች አየር ያለ ሥራ ይፈስሳል፤ ቁልል ሳይኖር ሽሽሽ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ለሌሎቹም አየር ያንሳቸዋል። ወደ ላይ ተጣብቃ ከቀረች ደግሞ አትወርድም፤ ቁልሉ እዚያ ቦታ ሲደርስ ይንገጫገጫል፣ ከታች ያለው ወረቀት ላይም ቀጭን መስመር ትስላለች። ከላይ ያነሣሁት የሠርግ ካርድ ጭረት ብዙ ጊዜ የሷ ሥራ ነው። ሰዎች ዝገት ነው ብለው ጠረጴዛውን ይፈትጉታል፣ ጥፋተኛዋ ኳስ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች።

ለመፈተን ማሽኑን አጥፍታችሁ በእርሳስ ጀርባ ወይም በእንጨት ጫፍ እያንዳንዷን ጫን፣ ለቀቅ አድርጉ። እየዘለለች መመለስ አለባት። ሰነፏን ስታገኙ በአልኮል የራሰ ጨርቅ ዙሪያዋን ጥረጉ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ጨምሩባት፣ ደጋግማችሁ ተጫኗት። አብዛኛዎቹ በዚህ ይነቃሉ። እምቢ ያለችው ፈትቶ ማጽዳት ይፈልጋል። ሚስማርና ካቻቪቴ አይነካት፤ ጫፏ ከተጫረ ራሷ ወረቀት መጫር ትጀምራለች። የነፋሻውንም ፊልተር አትርሱ። የሚስበው የዚያኑ ክፍል አየር ነው፣ ያ አየር ደግሞ የወረቀት ብናኝ የሞላበት ነው። ፊልተሩ ብርድ ልብስ መስሎ ከተገኘ ጠረጴዛው ቢወለወል ለውጥ አይመጣም።

ከማጽዳት በፊት ግን ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይጠፋል፣ ቁልፉም የሚያጸዳው ሰው ኪስ ይገባል። ሌላ ሰው ሳያይ እንዳያስነሣው ነው። ቢላው ከላይ እንደቆመም ቢሆን ይቆርጣል፣ ለመቁረጥ ሞተር አያስፈልገውም። ከፊት ያለውን ገጽ ከፊት ሆናችሁ፣ የኋላውን በማሽኑ ጀርባ ዞራችሁ ጥረጉ። በቢላው ሥር እጅ አሳልፎ ወደ ኋላ መድረስ አቋራጭ ይመስላል። አይደለም።

የየቀኑ ሥራ ደረቅ፣ ንጹሕና ክር የማይተው ጨርቅ ብቻ ነው። ብናኙን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ይቀናል፣ ሁሉም ያደርገዋል፣ እኔ ግን አልወደውም። ብናኙ አይጠፋም፤ መግፊያው የሚሄድበት ስንጥቅና ጥርሱ ውስጥ ይሸጎጣል። በብሩሽ የሚስብ ቫኪዩም ካለ እሱ ይሻላል። ኮላ፣ የስቲከር ማጣበቂያና ያልደረቀ የኦፍሴት ቀለም ሲኖር ጨርቁን በአልኮል አርጥቦ ማሸት ነው። ጨርቁን እንጂ ጠረጴዛውን አታርጥቡ። ነጭ ጋዝም ይሠራል፣ ግን ቅባት ይተዋል፣ በኋላ በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ከውጭ የመጣ ማሽን በጉዞ እንዳይዝግ የተቀባውን ወፍራም ግሪስ ለማንሣት ነጭ ጋዝ የሚያህለው የለም። ቲነር ቀለሙንና ፕላስቲኩን ይበላል። ቤንዚን ደግሞ ወረቀትና የኤሌክትሪክ ብልጭታ ባለበት ቤት ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። በረኪና ያለበት ማንኛውም ነገር ከብረቱ ይራቅ፤ ንጹሕ ያደረገ መስሎ ያዝጋል።

ዝገቱ ከመጣ በኋላስ? እዚህ ላይ መጀመሪያ ጠረጴዛችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ግራጫና ደብዘዝ ያለ ከሆነ ባዶ ብረት ነው። እንደ መኪና ጌጥ ነጣ ብሎ የሚያበራ ከሆነ ክሮም የተቀባ ነው። የክሮሙ ውፍረት ከፀጉር ያንሳል። ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው በአንድ ከሰዓት ክሮሙን ያነሣዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ቦታ በየክረምቱ ይዝጋል። ክሮም ላይ የምትታየው ነጠብጣብ ዝገት በለስላሳ ጨርቅና ምንም ሻካራ ነገር በሌለው ማወልወያ በትዕግሥት ትነሣለች። ትንሽ ጥላ ከቀረ ይቅር። ከፍ እስካላለ ድረስ ወረቀቱ አያውቀውም።

ባዶውን ብረት ትንሽ መድፈር ይቻላል። በጣም ለስላሳ የሆነውን ማሻሻ ስፖንጅ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት፣ ነጭ ጋዝ አስነኩት፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ከፊት ወደ ኋላ በረዥሙ ሳቡት። እንጨቱ ያስፈለገው ጣት እኩል ስለማይጫን ነው። አንድ ቦታ ላይ እየዞሩ መፈተግ ጉድጓድ ይሠራል። የድስት ማጠቢያ ሽቦ አልመክርም፤ የሚረግፈው ብጣቂው ኳሶቹ ውስጥ ይገባል፣ ራሱም ይዝጋል። ብርጭቆ ወረቀትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ዝገት አንድ ዓመት ያደረሰውን ጉዳት እሱ በአሥር ደቂቃ ያደርሳል።

ብሎን መፍቻ ወድቆ ያስነሣውን ጠርዝ በሞረድ ለመብላት አትሞክሩ። ደቃቅና ጠፍጣፋ የሆነ የቢላ መሳያ ድንጋይ ሁለት ጠብታ ዘይት ተደርጎበት ገጹ ላይ ተኝቶ ቀስ ተብሎ ይነዳል። ድንጋዩ ከፍ ያለውን ብቻ ያገኛል፣ ሌላውን አይነካም። ጥፍራችሁ ሳይያዝ ሲያልፍ በቃ፣ አቁሙ። ጎድጓዳው ይቆይ። ዘይቱን ግን በአልኮል አንሡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰም ይቀባል። ነገሩ የምጣድ ማሰሻ ዓይነት ነው፤ ስስ ተደርጎ ይታሻል፣ ትርፉ ይጠረጋል፣ የሚቀረው ለዓይን አይታይም፣ ግን ምንም አይጣበቅም። ደርቆ ጭጋግ ሲመስል በንጹሕ ጨርቅ ወልውሉት። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የገባ ካለ ኳሶቹን እየተጫናችሁ አውጡት። የመጀመሪያዎቹን ቁልሎች ከተበላሸ ወረቀት አድርጉ። ቁልሉ መንተባተብ ሲጀምር እንደገና መቀባት ነው፤ ክረምት ላይ ቶሎ ቶሎ፣ በበጋ አልፎ አልፎ።

ሰሙ ሲሊኮን የሌለበት ይሁን። ይህ ነጥብ ብዙ ያከራክራል፤ ሲሊኮን ስፕሬይ የሚረጩ ቤቶች አሉ፣ እንደሚያንሸራትትም አልክድም፣ ከሰም የበለጠ ያንሸራትታል። ግን ከታች ወዳሉት ወረቀቶች ይሸጋገራል። በኋላ ያ ወረቀት ላይ ቫርኒሽ ሲቀባ ዓይን ዓይን እየሠራ ይሸሻል፣ ላሚኔሽኑ ይነፋል፣ የመጽሐፉ ጀርባ ኮላ አይዝም። መጽሐፉ ከተሸጠ በኋላ ቅጠሉ ሲረግፍ የመቁረጫውን ጠረጴዛ የሚጠረጥር ሰው አይኖርም። የመኪና ሰም ብዙው ሲሊኮን አለበት፣ ጣሳውን ሳታነቡ አትግዙ።

ከጠረጴዛው የማይቆጠሩ ሁለት ነገሮች ቀርተዋል። አንዱ ቢላው የሚያርፍባት ረዥም የፕላስቲክ ዘንግ ናት። ጠረጴዛው ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ትተኛለች፣ ከገጹ ጋር እኩል መሆን አለባት። ቦዩ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ሲጠራቀም ዘንጓ ብድግ ትላለች፤ ያኔ ቁልሉ ከቢላው ሥር ይንጠለጠላል፣ መቁረጡ ይጠማዘዛል። ሰዎች ዘንጓን ያገላብጣሉ፣ ቦዩን አያጸዱም። አራት ጎን ስላላት፣ ጫፍና ጫፏንም በማቀያየር ስምንት ጊዜ ልትጠቅም ትችላለች፤ በገለበጣችኋት ቁጥር ቦዩንም ጥረጉት። በካቻቪቴ አትፈንቅሏት፤ የቦዩ ከንፈር ያብጣል፣ ያም ከፍ ያለ ነገር ነው።

ሌላው የጎንና የጎን ጠረጴዛዎቹ ናቸው። ሰው ይደገፍባቸዋል፣ ደስጣ ይቆለልባቸዋል፣ ቀስ በቀስ ይወርዳሉ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በመገናኛው ላይ አጋድሙ። በሥሩ ብርሃን ከታየ፣ ወይም ማስመሪያው ከተወዛወዘ፣ ከሥር ያሉትን ብሎኖች እያስተካከላችሁ እኩል አድርጉ። ቁልሉ ከጎን ሲገፋ መገናኛው ላይ የታችኛው ወረቀት ጥግ የሚታጠፈው በዚህ ነው።

ክሮሙ እየተላጠ የሚነሣ ጠረጴዛ ከሆነ ግን በጨርቅና በሰም አይመለስም። የተላጠውን ጠርዝ በድንጋዩ አስተኝቶ፣ ሰም እያበዙ ለጊዜው መሥራት ይቻላል። እንደገና ማስሞረድና ማስቀባት ማሽኑን አራግፎ ከባዱን ብረት ወደ ትልቅ የብረት ሥራ ቤት መውሰድ ይጠይቃል። ለትልቅ ማሽን ያዋጣል። ለአሮጌና ለትንሽ ማሽን ግን ዋጋው ከማሽኑ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ከማስፈታታችሁ በፊት ማጓጓዣውንም ጨምራችሁ ጠይቁ።